የአሮጌ ትራክተር ሞተር በዝግታ ሲዞር ስለሚያስቸግርበት ምክንያትና ስለ ካርቡራተሩ አመረማመር

ዝናም ጥሎ መሬቱ ለማረሻ በለሰለሰ ጊዜ ትራክተር ቢቆም፤ ያ የጠፋው ቀን በሌላ ወራት አይተካም። በዚያን ጊዜ ለሹም የሚቀርበው ማመልከቻ ብዙ ጊዜ «ሞተሩ አርጅቷልና አዲስ ካርቡራተር ይገዛ» የሚል ይሆናል። እንዲህ ባለው ወረቀት ላይ ከመፈረም አስቀድሞ ከዚህ በታች የተጻፈውን ማስመርመር ይገባል፤ ጉድለቱ በአንድ ጧት ተጠርጎ የሚወገድ ቆሻሻ ሆኖ መገኘቱ ብዙ ነውና።

ለምሳሌ የምንይዘው የፎርድ ፋብሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1939 እስከ 1942 ዓ.ም. የሠራውን ዘጠኝ ኤን የተባለውን ትራክተር ነው። ከርሱ በኋላ የመጡት ሁለት ኤንና ስምንት ኤንም በዚህ ነገር እጅግ ይመሳሰሉታል። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን ካርቡራተሩ ከታች ተንጠልጥሎ ቤንዚንና አየር ደባልቆ ወደ ላይ ይሰጠዋል። ሥራ ሳይኖረው በዝግታ ሲዞር፤ ይኸውም መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት ነው፤ በደቂቃ 400 ጊዜ ያህል ሊዞር ይገባዋል።

አስቀድሞ የሚመረመረው የቤንዚኑ መድረስ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ፈትቶ በንጹሕ ዕቃ መቀበል ነው፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል ካልወረደ መንገዱ ተደፍኗል። ወንፊቶቹ ሦስት ናቸው። አንዱ በቤንዚን ማጠራቀሚያው ውስጥ፤ ሁለተኛው ዝቃጭ ከሚጠራቀምበት ብርጭቆ በላይ፤ ሦስተኛውም ቧንቧው ወደ ካርቡራተር በሚገባበት በነሐሱ ክርን ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። ይህን ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የማጠራቀሚያው ክዳን ቀዳዳ በጭቃ ቢደፈንም ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ይሞታል።

ቤንዚኑ በደንብ ከወረደ፤ ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ቾክ የተባለውን የአየር መዝጊያ በጥቂቱ መሳብ ነው። ሞተሩ ቢበረታ ቤንዚን አንሶታል፤ ብሶበት ቢንተፋተፍና ጥቁር ጢስ ቢያወጣ ግን ቤንዚን በዝቶበታል፤ ወይም የአየር ማጥሪያው በአቧራ ታፍኗል።

ስለ ብሎኖቹ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ካርቡራተር የሚበላሸው በካቻቢቴ ነውና። በጎን ያለው ትንሹ የሚኒሞ ብሎን የሚቆጣጠረው አየሩን ስለ ሆነ፤ ሲጠብቅ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ሲላላ ይሳሳል። ከሥር ያለው ትልቁ መርፌ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሲጠብቅ ቤንዚኑ ያንሳል። ሁለቱን እንደ አንድ የሚያይ ሰው ጧት ያበላሸውን ማታ ያባብሰዋል። ለመጀመሪያ እያንዳንዱን በእጅ ቀስ ብሎ እስኪነካ መዝጋት፤ ከዚያም አንድ ዙር መክፈት ነው። አጥብቆ መዝጋት የመርፌውን ጫፍ ስለሚቆርጠው ፈጽሞ አይገባም። ቀጥሎ ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ ትንሹን በሩብ ዙር እያዞሩ አዟዟሩ እስኪስተካከል መጠበቅ ነው። ቀጭኑን ቀዳዳ በሽቦ መጎርጎር ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ በአየር ግፊት ብቻ ይነፋ።

በደጋ አገር ሌላ ነገር ይጨመራል። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ለዝቅተኛ አገር የተለካ ካርቡራተር በደጋ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ትልቁን መርፌ በጥቂቱ መዝጋት ይበጃል። ኃይሉም ስለሚቀንስ፤ በቆላ የጎተተውን ማረሻ በደጋ እንደዚያው ይጎትት ብሎ ነጂውን መውቀስ ፍርድ አይደለም።

ካርቡራተሩ ሳይበድል የሚከሰስበትም ጊዜ አለ። የፑንቲናው ክፍተት በዘጠኝ ኤን 0.38 ሚሊሜትር፤ የካንዴላው 0.64 ሚሊሜትር ያህል መሆኑ ይለካ። ካርቡራተሩ በተገጠመበት መጋጠሚያ አየር ሾልኮ ከገባም ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ይንቀጠቀጣል፤ በመጋጠሚያው ላይ የሞተር ዘይት ጠብ ቢደረግና አዟዟሩ ቢለወጥ መክደኛ ወረቀቱ መለወጥ አለበት። ለዚህ ምርመራ ቤንዚን ማፍሰስ ግን እሳት መጥራት ነው፤ የጢሱ ማውጫ እዚያው አጠገብ ይግላልና።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከካርቡራተሩ ቤንዚን ወደ መሬት የሚንጠባጠብ እንደ ሆነ ተንሳፋፊው መርፌውን አልዘጋውም ማለት ነው። እስኪጠገን ድረስ ትራክተሩ ከጎተራና ከጭድ ርቆ እንዲያድር፤ የቤንዚኑም መዝጊያ ማታ ማታ እንዲዘጋ ለዘበኛው ትእዛዝ ይሰጥ።