አስምና መድኃኒቱ፦ ከመድኃኒት ምን እንጠብቅ?



በቅዳሴ መካከል ትንፋሽ አጥሮት የሚወጣ ዲያቆን፣ ሌሊቱን ተቀምጣ የምታነጋ እናት በየአጥቢያችን አሉ። ብዙዎቹ መድኃኒት ጀምረው ያቋረጡ ናቸው። «ካላዳነኝ ምን ያደርግልኛል?» ሲሉም እንሰማቸዋለን። በዚህ ትምህርት የምንመልሰው ይህን ጥያቄ ነው።

አስም የአየር ቧንቧዎች ውስጠኛ ክፍል ለረጅም ጊዜ የሚቆጣበትና የሚያብጥበት ሕመም ነው። ጭስ፣ አቧራ፣ ብርድ ወይም ጉንፋን ሲነካቸው ቧንቧዎቹ ይጠባሉ። ሕመሙን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን የለም። ነገር ግን በአግባቡ የታከመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ተኝቶ ማደር፣ ቀን ሥራውን መሥራት፣ ቅዳሴንም ቆሞ ማስቀደስ ይችላል። ከመድኃኒት ልንጠብቅ የሚገባን ይህን ነው።

በአፍ የሚሳቡት መድኃኒቶች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። ማስታገሻው፣ ለምሳሌ ሳልቡታሞል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ቧንቧውን ይከፍታል፤ ኃይሉ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል፤ እብጠቱን ግን አይቀንስም። መከላከያው፣ ለምሳሌ ቤክሎሜታዞን፣ እብጠቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጥቅሙ የሚታየው ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ደኅና በሆነ ጊዜም ሐኪም ባዘዘው መሠረት ሊወስደው ይገባል። «ተሽሎኛል» ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። ማስታገሻ ደጋግሞ የሚያስፈልገው ሰው ሕመሙ በቁጥጥር ሥር አልዋለምና ወደ ሐኪም ይመለስ።

መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል የሚባለው እውነት አይደለም። ማስታገሻው እጅ ሊያንቀጠቅጥ፣ ልብንም ሊያስመታ ይችላል፤ ይህ ግን ብዙውን ጊዜ ቶሎ ያልፋል። መከላከያውን ከወሰዱ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ ይገባል። አሳሳቡ ካልተስተካከለ መድኃኒቱ አፍ ውስጥ ስለሚቀር፣ ሕመምተኛው በጤና ባለሙያ ፊት ደጋግሞ ይለማመድ።

አባቶች ሆይ፣ ቃላችሁ በሕሙማን ዘንድ ትልቅ ክብደት አለው። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ምከሩት፤ የማለዳ ብርድና ቀዝቃዛ ውኃ ሕመሙን ሊቀሰቅሱበት ስለሚችሉም ማስታገሻውን ይዞ ይሂድ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የእግዚአብሔር ስጦታ አድርጎ ያስተምረናልና ጸበልና ሕክምና አይጣሉም። በጾም ወራት ሕሙማን በራሳቸው ፈቃድ መድኃኒቱን ከመተው አስቀድመው ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመካከሩ አሳስቡ። የዕጣን ጭስ የሚያስቸግራቸውም በበርና በመስኮት አጠገብ ቢቆሙ ማንም አይታዘባቸው።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ደግሞ የአደጋ ምልክቶችን ለምእመናን አስተምሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ማስታገሻ ወስዶ ያልተሻለው ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። እስኪደርስ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ማስታገሻውም ይደጋገምለት። በሌሊት መኪና ሊያቀርብ የሚችል ሰው ማን እንደ ሆነ ከወዲሁ ይታወቅ።

መድኃኒት አስምን አያጠፋውም፤ የታመመውን ሰው ግን በቤተሰቡና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል አቁሞ ያኖረዋል። ይህን አውቆ የጀመረ ሰው ተስፋ ቆርጦ አይተወውም። ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለአስታማሚዎችም ትዕግሥትን እግዚአብሔር ያድልልን።