የጎረምሶችና የኮረዶች ጭንቀት ከምግባቸው ጋር ስላለው ግንኙነት

ሰው ሲሠጋ ወይም ሲጨነቅ በቋንቋችን «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ይላል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን አነጋገር ሲለምዱ የሕክምና መጽሐፍ አላማከሩም፤ ሆኖም የሆድና የአሳብ ነገር የተያያዘ መሆኑን ከኑሮ ተረድተውት ነበር። በዚህ ወር ትምህርታችን ይህን ግንኙነት፥ ይልቁንም በጉርምስና ዕድሜ በሚገኙ ልጆች ላይ የሚታየውን፥ ለመምህራንና ለወላጆች ለመግለጽ አስበናል።

ምሳሌ ይሆነን ዘንድ ከሽሮ ሜዳ በላይ፥ በእንጦጦ ዳገት ሥር የሚኖር አንድ ተማሪ በአሳባችን እንውሰድ። በማለዳ ብርድ ይነሣል፤ ጊዜው ስለ ረፈደበት ወይም በቤት የተዘጋጀ ስለሌለ አንድ ስኒ ቡና ብቻ ጠጥቶ ቁልቁለቱን በእግሩ ይወርዳል። በ4 ሰዓት ለፈተና ሲቀመጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ልቡ በኀይል ይመታል፥ ያልበዋል፥ ያጠናውም ይጠፋበታል። መምህሩ «አላጠናም» ወይም «ፈሪ ነው» ይላል፤ ልጁም ራሱን እንደዚሁ ይቈጥራል። ትልቁ ጕዳት ይህ ነው፤ በሰውነቱ ላይ የደረሰውን የባሕርዩ ጕድለት አድርጎ ያምናልና።

1ኛ፤ ስለ ባዶ ሆድ። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሰውነት በዕረፍት ሳለ ከሚጠቀምበት ኀይል ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ይወስዳል። ዋናው ማገዶውም በደም ውስጥ ያለው ስኳር ነው። ይህ ስኳር መቀነስ ሲጀምር ሰውነት መጠኑን ለመጠበቅ አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ያፈልቃል። ይኸው ሆርሞን በድንጋጤም ጊዜ የሚፈልቅ ስለ ሆነ፥ የርኃብ መንቀጥቀጥና የፍርሃት መንቀጥቀጥ ለባለቤቱ አንድ መስለው ይታዩታል። ርኃብ ሲረዝም ጠባይን ጭምር ይለውጣል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ፈቃደኞች ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው ተቀንሶባቸው ነበር። ብዙዎቹ ቍጡዎች፥ ሥጉዎችና ተካዦች ሆኑ።

2ኛ፤ ስለሚያነቃቁ ነገሮች። ቡናችን የአገራችን ክብር ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ካፌይን ልብን ያፈጥናል፥ እንቅልፍንም ያባርራል። ከተጠጣም ከ5 ሰዓት ያህል በኋላ ግማሹ ገና በደም ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ማታ አቦልና ቶና ጠጥቶ የሚያጠና ልጅ ለፈተናው የሚያስፈልገውን እንቅልፍ ይከፍላል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ባወጣው አስተያየት፥ ለልጆችና ለወጣቶች በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳይበልጥ አመልክቷል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ 150 ሚሊ ግራም ነው። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የተለመደው የኀይል ሰጪ መጠጥ ጣሳ 80 ሚሊ ግራም ያህል ስላለው፥ ሁለት ጣሳ ከወሰኑ ያልፋል። ለጥናት ይረዳል ተብሎ የሚቃም ጫት ደግሞ ካቲኖን በተባለው ንጥረ ነገሩ ሥጋትንና እንቅልፍ ማጣትን ያስከትላል።

3ኛ፤ ስለ ብረት ማዕድን። ብረት ለደም ብቻ ሳይሆን አንጎል መልእክት ለሚያስተላልፍባቸው ንጥረ ነገሮች መሠራትም ያስፈልጋል። ሲጐድል ድካም፥ የልብ ትርታና ብስጭት ይመጣል። የወር አበባ የጀመሩ ኮረዶች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያት ከመቶ 24ቱ የደም ማነስ ነበረባቸው። ምስር፥ ባቄላ፥ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ብረት አላቸው፤ በጾም ወራትም የሚገኙ ናቸው። ሎሚ፥ ብርቱካን ወይም ጥሬ ቃሪያ አብሮ ሲበላ ብረቱ በሚገባ ይዋሐዳል። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ይከለክሉታል፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት ያህል ይቈዩ።

ይህን ስንል ጭንቀት ኹሉ ከምግብ ይመጣል ማለታችን አይደለም። ኀዘን፥ የቤት ጠብ፥ ድኅነትና የውጤት ፍርሃት የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። የተጨነቀ ልጅም ምግብ ይጠላልና፥ የቱ የቱን እንዳመጣ ኹልጊዜ በቀላሉ አይታወቅም። ምግብ የሚሠራው ሥራ ልጁ ሌላውን ሸክም የሚችልበትን ኀይል መስጠት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ሲጀመር ያተኰረው በቅድመ አንደኛና በአንደኛ ደረጃ ልጆች ላይ ነበር። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቁርስ ከቤት መታሰብ አለበት። ውድ ነገር አያስፈልግም፤ በሶ፥ ቂንጬ፥ የእንጀራ ፍርፍር ወይም ንፍሮ ይበቃል። ማልዶ መብላት የማይሆንለት አንድ እፍኝ ቆሎ በኪሱ ይያዝ። መምህራንም የሚንቀጠቀጥ ተማሪ ሲያዩ ከተግሣጽ በፊት «ዛሬ ምን በላህ? ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?» ብለው ለብቻው፥ በክፍል ፊት ሳያሳፍሩት፥ ይጠይቁት። ቤት ውስጥ የሚበላ የለም የሚል መልስ ቢሰሙ ነገሩ የትምህርት ቤቱ ጕዳይ መሆኑን ይወቁ።

ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ቢቈይ፥ ልጁ ከትምህርትና ከጓደኞቹ ቢርቅ፥ ምግብ ፈጽሞ ቢተው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ስለ ሞት ቢናገር ግን ብቻውን ሳይተዉ ያኑኑ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል።

ልጅን «አይዞህ» ማለት መልካም ነው፤ በባዶ ሆድ የቆመውን ልጅ ግን አስቀድሞ አብልቶ «አይዞህ» ማለት ይበልጣል።