አረቄ እንዴት ይቀመሳል? ለገዢውም ለአውጪዋም

ባሕር ዳር ላይ አረቄ በጅምላ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ጠርሙሱን አናውጦ አረፋውን ያያል፣ ጠብታ አፍስሶ በክብሪት ይለኩሳል፣ ከዚያ አንድ መለኪያ ጨልጦ ዋጋ ይቆርጣል። ሦስቱም የሚነግሩት ብርታቱን ብቻ ነው። ብርቱ ሆኖ መጥፎ የሆነ አረቄ ሞልቷል። ጥራትን መለየት የሚፈልግ ነጋዴ፣ ቡና ቤት ያለው ሰውም ሆነ አውጪዋ ራሷ፣ ቅምሻን እንደ ሥራ ሊይዙት ይገባል።

ስኮትላንዶች ውስኪ ሲቀምሱ የሚከተሉት አንድ ልማድ ለእኛም ይጠቅማል። የተለያዩ ፋብሪካዎችን ከማወዳደር በፊት የአንዱን ፋብሪካ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ይደረድራሉ። ደፍታውን ከተማ ያለውን፣ በ1886 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን ግሌንፊዲክን ብንወስድ፣ የ12፣ የ15 እና የ18 ዓመቱ ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። ሦስቱም ከገብስ ብቅል የተሠሩ ናቸው፤ የሚለያቸው በዋናነት የበርሜሉ ዓይነትና በውስጡ የቆዩበት ዘመን ነው። ቀማሹ ልዩነቱን ሲያገኝ ምክንያቱንም አብሮ ያገኛል። ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ መጠጥ የሚቀዳ ወጣት ሦስቱን በትንሽ በትንሹ የማወዳደር ዕድል ካገኘ አያሳልፈው።

የእኛ አረቄ ግን በርሜል አይገባም። ስለዚህ ቀለም የሚነግረን ነገር የለም፤ ጥርት ብሎ ውሃ መምሰል አለበት። ምላስ ላይ የሚደርሰው እህሉ፣ ጌሾው፣ ጥንስሱ፣ እሳቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አውጪዋ የቱን አስቀርታ የቱን እንደደፋች ነው። ከአምስት ሴቶች አምስት ጠርሙስ ከመሰብሰብ፣ ከአንዲቷ በአምስት የተለያየ ጊዜ የወጣውን መቅመስ የበለጠ ያስተምራል። እንዲያውም ብትስማማ፣ ጌሾውን ከዘጌ ያመጣችውን ያንኑ አድርጋ አንዱን በዳጉሳ፣ አንዱን በበቆሎ ታውጣው። ያኔ ዳጉሳ ምን እንደሚጨምር በትክክል ታውቃላችሁ።

ቅምሻው ጠዋት ይሁን፤ ቡና ሳይጠጣ፣ በርበሬ ያለው ነገር ሳይበላ፣ ዕጣን ሳይጨስ። ሽቶ የተቀባ ሰው አይቀመጥ። መለኪያ ለመሸጫ እንጂ ለማሽተቻ አይመችም፤ አፉ ክፍት ስለሆነ ጠረኑ ያመልጣል። ሆዱ ሰፍቶ አፉ የጠበበ ብርጭቆ ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ የጠጅ ብርሌ ይበቃል። ጠርሙሶቹን ሌላ ሰው በቁጥር ምልክት ያድርግባቸው፤ ቀማሹ የቱ የቱ እንደሆነ አይወቅ። ይህን መዝለል አይገባም፤ ስሙን ያወቅነውን አረቄ ምላሳችን ሳይሆን ወዳጅነታችን ነው የሚቀምሰው።

መጀመሪያ ሳይበረዝ አሽትቱ፤ አፍንጫን ብርጭቆው ውስጥ ሳትከቱ። ቀጥሎ አንድ እጅ አረቄ ከአንድ እጅ ንጹሕ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ውሃ መጨመር ለብዙ ሰው ማጭበርበር ይመስለዋል፤ የስኮትላንድ ውስኪ ቀያጮች ግን የአልኮሉን መጠን ወደ 20 በመቶ ገደማ አውርደው ነው የሚያሸቱት። ማቃጠሉ ሲቀንስ የተደበቀው ጠረን ይወጣል። ምላስ ላይ አንከባልላችሁ ትፉት። የማይተፋ ሰው ከሦስተኛው ጠርሙስ በኋላ የሚሰጠው ፍርድ ዋጋ የለውም፤ ጉበቱም ይጎዳል።

የምትፈልጉት ምንድን ነው? ጥሩው ብቅል ብቅል ይላል፤ የእህሉ ጣዕም ይሰማል፤ ጉሮሮ ላይ ሞቆ ይወርዳል እንጂ አይቧጥጥም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ካለው፣ ከሸንበቆው መጀመሪያ የወረደው አልተደፋም። እርጥብ ጆንያ ወይም ካርቶን የሚሸት ከሆነ ደግሞ አውጪዋ ዘግይታ ነው ያቆመችው። የሚጎመዝዝ ከሆነ ድፍድፉ ወደ ሆምጣጤ ሄዷል። ማረርንና ጭስን አታምታቱ። እንስራው በወይራ ታጥኖ ከሆነ የሚመጣው ጭስ ደስ ይላል፤ በስኮትላንድ አይላ ደሴት ያሉ የውስኪ ፋብሪካዎች ብቅሉን ሆን ብለው በጭስ የሚያደርቁት ለዚህ ነው። ማረር ግን ድፍድፉ ከሥር ተጣብቆ እሳት ሲበዛበት የሚመጣ ምሬት ነው፤ ዳግም ቢወጣም በቀላሉ አይለቅም።

በቴርሞሜትር የምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጣና ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በመጽሐፍ የተጻፈው 100 እዚህ አይሠራም። የአልኮል መለኪያ መሣሪያም ብዙውን ጊዜ ለ20 ዲግሪ የተሠራ ነው። በቀትር ሙቀት አረቄው 29 ዲግሪ ከደረሰ መሣሪያው ሦስት በመቶ ያህል አስበልጦ ያነባል። ጠርሙሱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ ለኩ።

ጠንከር አድርጌ የምናገረው ግን ስለ ሜታኖል ነው። ምላስም፣ አፍንጫም፣ የክብሪት እሳትም ሜታኖልን ከተለመደው የመጠጥ አልኮል አይለዩም። ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላል፤ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴ በማግስቱ ነው የሚታየው። ከማን እንደመጣ ያልታወቀ፣ ያለወጉ ርካሽ የሆነ፣ ወይም የኢንዱስትሪ አልኮል ተቀላቅሎበታል ተብሎ የሚጠረጠር አረቄ ለቅምሻም አፍ አይግባ። የጠጣ ሰው ዓይኑ ከደበዘዘ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ነጥብ አሰጣጡ ቀላል ይሁን፦ ለሽታ 25፣ ለጣዕም 25፣ ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ አፍ ላይ ለሚቀረው 25፣ ለጠቅላላ ሚዛኑ 25። ከቁጥሩ አጠገብ ምክንያቱን ጻፉ። ለአውጪዋ «ያሁኑ አልጣመኝም» ማለት ምንም አይጠቅማትም። «እትዬ፣ ሦስተኛው ላይ ማረር አለ፤ አራተኛው ላይ መጀመሪያ የወረደው አልተደፋም» ብትሏት ግን በሚቀጥለው ሳምንት እሳቷን ትቀንሳለች። ከፍተኛ ነጥብ ካገኘው አንድ ጠርሙስ አሽጋችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ፤ አዲስ በመጣ ቁጥር ከእሱ ጋር አወዳድሩት፤ ዋጋውንም በዚያ ተነጋገሩ።