ሕመም አንጎላችን ውስጥ የት ነው ያለው?

በዚህ እትም ስለ ሕመም ጥቂት እንማማር።

ኪራሙ ውስጥ በባዶ እግሩ ከብት የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሾህ ሲወጋ መጀመሪያ ስለታም ውጋት ይሰማል፣ ትንሽ ቆይቶ የሚያቃጥልና የሚጠዘጥዝ ሕመም ይከተላል። መልእክቱ በሁለት ዓይነት ነርቭ ስለሚሄድ ነው። ፈጣኑ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይጓዛል፤ ቀጭኑና ዘገምተኛው ግን 1 ሜትር ያህል ብቻ። ከእግር ጣት እስከ አንጎል ያለውን ርቀት ለክታችሁ ብታካፍሉት፣ ሁለተኛው ሕመም ከሰከንድ በላይ ለምን እንደሚዘገይ ታገኙታላችሁ። (የኢንጂነሪንግ ተማሪ ማስላት አይተውም።)

ሁለቱም በኅብለ ሰረሰር አልፈው ታላመስ የተባለው የአንጎል ማከፋፈያ ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ አንድ «የሕመም ማዕከል» ያለ ይመስለን ይሆናል። የለም። ሶማቶሴንሰሪ ኮርቴክስ የሚባለው ክፍል በተለይ የቱ ጋ እንዳመመን ይለያል። ኢንሱላና አንቴሪየር ሲንጉሌት ኮርቴክስ ደግሞ ከስቃዩ ጋር፣ «በቃኝ» ከሚያሰኘው ስሜት ጋር ይያያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ የካናዳ ጥናት፣ እጃቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ የከተቱ ሰዎች በሂፕኖሲስ ስቃዩ ብቻ እንዲጨምር ወይም እንዲቀንስ ተደረገ። የተለወጠው የሲንጉሌት እንቅስቃሴ ነበር፤ ሶማቶሴንሰሪው ግን ብዙም አልተለወጠም።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የለንደን ጥናት ነው። 16 ሴቶች አንጎላቸው በኤምአርአይ እየታየ፣ አጠገባቸው ያለው የፍቅር አጋራቸው እጁን በኤሌክትሪክ ይነዘራል። እነሱን ምንም ሳይነካቸው ኢንሱላቸውና ሲንጉሌታቸው ተቀሰቀሰ። ቦታውን የሚለየው ክፍል ግን ዝም አለ። ሰው ከሌላው የሚጋራው ቁስሉን ሳይሆን ስቃዩን ነው ማለት ነው። ኑዕማን ቢን በሺር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ አማኞችን በአንድ አካል የሚመስለው ሐዲስ እዚህ ላይ ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ኪራሙ ላይ ከደረሰው ግድያና መፈናቀል ወዲህ፣ ቤተሰቦቹ ቤታቸውን ጥለው የወጡ ተማሪ በየዶርሙ አለ። ራሴን፣ ሆዴን፣ ጀርባዬን ይላል። ይመረመራል፣ ምንም አይገኝም። ጓደኛው «የፈተና ሰበብ ነው» ይለዋል፤ ሌላው «ሰብር አድርግ» ብሎ ያልፈዋል። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለውን ጣቱን ሊያመው እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ። ቁስል አለመታየቱ ሕመም አለመኖሩን አያሳይም፤ ረጅም ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣትም ሕመምን ያበረታሉ። ሰብር ደግሞ ሕክምናን አይከለክልም፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው አዘዋል።

ስለዚህ የዶርም ጓደኛችሁ አመመኝ ሲል የት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እንቅልፉስ እንዴት እንደሆነ ጠይቁት። ክሊኒክም አብራችሁት ሂዱ። ሁሉንም ነገር በጭንቀት አታሳቡ፤ ራስ ምታቱ ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም የአንገት መገተር ካለው ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ይወሰድ።