ማማር ኩራት ነው?



ዒድ ሲቃረብ ሱቁም ቲክቶኩም «የዘንድሮው ፋሽን ይሄ ነው» ይለናል። ታዲያ ማማር ኩራት ነው?

በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው፣ ልብሱና ጫማው እንዲያምር ስለሚወድ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተጠይቀው ነበር። አላህ ውበትን እንደሚወድ ነገሩን፤ ኩራት ማለት ሐቅን አለመቀበልና ሰውን መናቅ እንደሆነም አስተማሩን።

ስለዚህ ፈተናው ጨርቁ ላይ አይደለም። የአምናውን ጀለቢያ አጥቦ ለዒድ ሶላት የመጣውን ጓደኛችሁን በምን ዓይን ታዩታላችሁ? አዲስ አባያ ካልተገዛልኝ ብላችሁ እናታችሁን ዕዳ ውስጥ ትከታላችሁ?

በሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 26 አላህ (ሱ.ወ) ልብስን ለመሸፈኛም ለጌጥም እንደሰጠን፣ የተቅዋ ልብስ ግን እንደሚበልጥ ያስታውሰናል።

ዛሬ ገላችሁን ታጠቡ፣ ካላችሁ ልብስ ንጹሑን ልበሱ፣ ወደ መስጂድ ሂዱ። አላህ ውስጣችንንም ውጫችንንም ያሳምርልን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!