የዶሮዋ ቀለብና የቤቱ ሒሳብ



የቲሞችን ለሚያሳድግ ቤተሰብ በጓሮው አምስት ያህል እንቁላል ጣይ ዶሮዎች መኖራቸው ለልጆቹ ምግብ፣ ለቤቱም መጠነኛ ገቢ ነው። በጎ አድራጊ ወገኖቻችንም ይህንኑ በማሰብ ዶሮ ገዝተው ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ዶሮዋ የምትገዛው አንድ ጊዜ ሲሆን ቀለቧ ግን የየዕለት ነው። በእንቁላል እርባታ ከጠቅላላው ወጪ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የመኖ ወጪ ነው። ቀለቧ ሳይታሰብላት ወደ ቤት የገባች ዶሮ ውላ አድራ ከልጆቹ ቀለብ ትካፈላለች። በዚህ ትምህርታችን ዶሮዋ ምን ያህል እንደምትበላና ወጪው በምን እንደሚቀንስ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ የዶሮዋን ዓይነት መለየት ይገባል። የሐበሻ ዶሮ በደጅ ስትጭር ውላ ትልና ጥራጥሬ ስለምትለቅም ጥቂት ድጎማ ይበቃታል፤ በዓመት የምትጥለውም ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት፣ በልማድ የፈረንጅ ዶሮ የምንላቸው ዝርያዎች በመልካም አያያዝ በዓመት ወደ 300 የሚጠጋ እንቁላል ይሰጣሉ። ታዲያ ይህ የሚገኘው እያንዳንዷ ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ስታገኝ ነው። አጥር ውስጥ የተዘጋባት ዶሮ የራሷን ምግብ ፈልጋ ማግኘት አትችልም። የታሰረች ነፍስ ቀለቧ በአሳሪዋ ጫንቃ ላይ መሆኑን ደግሞ ከሃይማኖታችን ትምህርት ሁላችንም እናውቃለን።

አምስት ዶሮዎች ለእያንዳንዳቸው 120 ግራም ቢሰጣቸው በቀን 600 ግራም፣ በወር 18 ኪሎ ግራም ይበላሉ። ይህን በዓይን ግምት ከመስጠት ይልቅ 600 ግራም መኖ በሱቅ ሚዛን አስመዝኖ በአንድ ጣሳ ውስጥ ማድረግና የደረሰበት ላይ ምልክት ማኖር ይበጃል። ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ከዐስር ሰላት በኋላ መስጠት መልካም ነው፤ የእንቁላሉ ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው በሌሊት ነውና ዶሮዋ ጠግባ ልታድር ይገባል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። ለስሌት እንዲመቸን የአንድ ኩንታል መኖ ዋጋ 5000 ብር ነው እንበል። ኪሎው 50 ብር፣ የአምስቱ ዶሮዎች የቀን ቀለብም 30 ብር ይሆናል። በቀን አራት እንቁላል ቢጥሉ የአንዱ እንቁላል የመኖ ወጪ 7 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ባለቤቲቱ ወጪ ለመቀነስ ብላ የቀኑን መኖ ወደ 400 ግራም ብታወርደውና ዶሮዎቹ በቀን ሁለት እንቁላል ብቻ ቢጥሉ፣ የቀኑ ወጪ 20 ብር ቢሆንም የአንዱ እንቁላል ወጪ ወደ 10 ብር ከፍ ይላል። ምክንያቱም ዶሮዋ ከምትበላው ትልቁን ድርሻ የምታውለው ሕይወቷን ለማቆየት ነው፤ እንቁላል የምትሠራው ከዚያ በተረፈው ነው። ስለዚህም ቀለብ መንፈግ ቁጠባ አይባልም። እያንዳንዱ ቤተሰብ በአካባቢው ዋጋ ይህንኑ ስሌት ሠርቶ ከእንቁላሉ የገበያ ዋጋ ጋር ያስተያይ።

የመኖው ዓይነትም ከመጠኑ ያላነሰ ቦታ አለው። በቆሎ ብቻውን ዶሮዋን ያወፍራታል እንጂ እንቁላል አያስጥላትም። የእንቁላል ጣይ መኖ ከ16 እስከ 18 በመቶ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ይህም ከኑግ ፋጉሎና ከተቆላ አኩሪ አተር ይገኛል። ጥሬ አኩሪ አተር ግን የምግብ መፈጨትን ስለሚያውክ ሳይቆላ አይሰጥም። ለቅርፊቱ የሚያስፈልገው ካልሲየም ከተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ታጥቦ፣ ደርቆና ደቅቆ ከሚሰጥ የእንቁላል ቅርፊት ይገኛል። መጣል ላልጀመሩ ቄቦች ግን ካልሲየም የበዛበት የጣይ መኖ ኩላሊታቸውን ስለሚጎዳ አይሰጥም። ንጹሕ ውኃም አይዘንጋ፤ ዶሮ ከምትበላው በክብደት እጥፍ ያህል ትጠጣለች፤ ውኃ ባጣች ቀን እንቁላሏም ይቀንሳል።

እንግዲህ ቁጠባው ከየት ይመጣል?

አንደኛ፣ ከብክነት። መመገቢያው እስከ አፉ ከተሞላ ዶሮዎች በመንቁራቸው እየዛቁ ይበትኑታል። ከግማሽ በታች መሙላትና ጠርዙን በዶሮዋ ጀርባ ከፍታ ልክ ማንጠልጠል ይገባል። በቀን 100 ግራም ቢፈስ በወር 3 ኪሎ ይሆናል፤ ከላይ ባሰላነው ዋጋም 150 ብር መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከአይጥና ከእርጥበት። አራት ወይም አምስት አይጦች የአንዲትን ዶሮ ቀለብ ይጨርሳሉ። መኖው ክዳን ባለው በርሜል፣ ከወለልና ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ። የሻገተ እህል በርካሽ ቢገኝም አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ለዶሮ አይሰጥም።

ሦስተኛ፣ ከማዕድ ቤት ትራፊ። የእንጀራ ድርቆሽ፣ የጎመን ቅጠልና የአትክልት ልጣጭ ለድጎማ ይጠቅማሉ፤ ዋናውን መኖ ግን አይተኩም። ጨው የበዛበት ምግብ፣ ጥሬ ቦሎቄ፣ የአቮካዶ ልጣጭና አረንጓዴ የሆነ የድንች ልጣጭ ይጎዳሉ።

አራተኛ፣ የማትጥለውን ከመለየት። በመጣል ላይ ያለች ዶሮ በአናቷ ያለው ሥጋ ቀይና ሙሉ ነው፤ ከመቀመጫዋ ግራና ቀኝ በሚገኙት ሹል አጥንቶች መካከልም ሁለት ወይም ሦስት ጣት ይገባል። ላባዋን በመቀየር ላይ ያለች ግን ለጊዜው ነውና ያቆመችው ለመሸጥ አይቸኮል።

አምስተኛ፣ ከኅብረት። አምስት ዶሮ ያላቸው አምስት ጎረቤቶች በወር 90 ኪሎ ያህል ስለሚያስፈልጋቸው አንድ ኩንታል በጋራ ገዝተው ቢካፈሉ በኪሎ ከመግዛት ይረክሳል፤ መኖውም ሳይበላሽ ያልቃል።

ከእንቁላሉ ሽያጭ በቅድሚያ የመኖው ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ። በሁዳዴና በመሳሰሉት የክርስቲያን ወገኖቻችን ረጃጅም ጾሞች ወቅት የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ዶሮዋ ግን ያንኑ ያህል ትበላለች። ለዚያ ጊዜ የሚሆን መጠባበቂያ የሌለው ቤት ዶሮዎቹን በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል።

በመጨረሻም ለበጎ አድራጊዎች የምንለው አለን። የሁለት ወር ዶሮ መጣል የምትጀምረው አምስት ወር ገደማ ሲሞላት ነው። እስከዚያው አንዷ 6 ኪሎ ገደማ፣ አምስቱ 30 ኪሎ ያህል የቄብ መኖ ይበላሉ፤ አንድ እንቁላል እንኳ ሳይሰጡ። ይህን ወጪ ከእጅ ወደ አፍ በሚኖር ቤት ላይ ጥሎ መሄድ ስጦታውን ሸክም ያደርገዋል። አምስት ዶሮ ለመስጠት ያሰበ ሰው ሦስት ዶሮ ከነቀለባቸው ቢሰጥ ለልጆቹ የሚተርፈው ይበልጣል።

ወቢላሂ ተውፊቅ።