አንዱን ከተማ ስመርጥ ሌሎቹ ለምን ይጠፋሉ?

ጥያቄ፦ ለመጻሕፍት መሸጫ ድረ ገጻችን በሶልር ፍለጋ ሠርቻለሁ። በጎን ያለው የከተማ ማጣሪያ ግን «አዲስ» እና «አበባ»ን ለየብቻ ይቆጥራል። አንዱን ከተማ ስመርጥም ሌሎቹ ዜሮ ይሆናሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች ምንጫቸው ይለያያል። የመጀመሪያው የመስኩ ዓይነት ነው። ከተማውን በቴክስት መስክ ስላስቀመጡት ሶልር በየቃሉ ይቆራርጠዋል፤ የሚቆጥረውም ቁርጥራጩን ነው። በኮፒፊልድ ወደ ስትሪንግ መስክ ይገልብጡት፤ ዶክቫልዩስንም ያብሩለት። ከዚያ ዳታውን በሙሉ እንደገና ኢንዴክስ ማድረግ ግድ ነው። ለፍለጋ ቴክስቱን፣ ለቆጠራ ስትሪንጉን ይጠቀሙ።

ሁለተኛው የቆጠራ ጉዳይ ነው። ሶልር ፋሴትን፣ ማለትም በጎን የሚታየውን የምርጫዎች ዝርዝርና ቁጥር፣ የሚቆጥረው ከተጣራው ውጤት ላይ ነው፤ አዳማን ከመረጡ በኋላ የባሕር ዳር መጻሕፍት ከውጤቱ ወጥተዋል። ስለዚህ ለከተማው ማጣሪያ በታግ ስም ይስጡት፤ የከተማ ፋሴቱ ሲቆጠር ብቻ ያ ስም ያለው ማጣሪያ እንዲገለል ይዘዙ። በጄሰን ፋሴት ይህ የሚጻፈው በዶሜይን ሥር፣ ኤክስክሉድታግስ በሚለው ነው። የዋጋና የደራሲ ፋሴቶች ግን ማጣሪያውን ማክበራቸውን ይቀጥሉ፤ አለዚያ ቁጥሩ ገዢውን ያሳስታል።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር፣ ምክንያቱም በአማርኛ ዳታ ላይ ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ ነው። ስትሪንግ መስክ ፊደል አያስተካክልም። «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ» እና «አዋሳ» ሦስት ከተማ ሆነው ይቆጠራሉ። ዳታው ሶልር ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንድ አጻጻፍ መርጠው ያስተካክሉት።